ፊደላችን በሊኑክስ ተርሚናል፤ ዲስትሮ መቀየር ለምን አይፈውስም

ሳሪስ ውስጥ ሊኑክስ የሚለማመዱ የማውቃቸው ወጣቶች፣ በተለይ ወደ ቂሊንጦው የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የሚመላለሱት፣ ተርሚናሉ አማርኛ እንቢ ሲላቸው መጀመሪያ የሚያስቡት ዲስትሮ፣ ማለትም የሊኑክሱን ዓይነት፣ መቀየርን ነው። ኡቡንቱ ላይ ፊደሉ ባዶ ሳጥን የሆነበት ሚንት ይጭናል፤ ሚንት ላይ ፊደላቱ የተደራረቡበት ፌዶራን ይሞክራል፤ ደፈር ያለው አርች ላይ ይወጣና ጭራሽ ተርሚናሉ አልከፈት ይለዋል። የኡቡንቱ 24.04 መጫኛ ብቻውን ወደ 6 ጊጋባይት ይጠጋል። በስልኩ ጥቅል እየገዛ ለሚያወርድ ተማሪ ቀላል ወጪ አይደለም፤ መሃል ላይ መብራት ከጠፋ ደግሞ ሌሊቱም አብሮ ይሄዳል። ከዚያ ሁሉ ድካም በኋላ ችግሩ እንዳለ ይጠብቀዋል።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። የጂኖም ተርሚናል፣ የኤክስኤፍሲኢ ተርሚናል፣ ቲሊክስ፣ ተርሚኔተር፣ ፌዶራ ከ41ኛው እትም ጀምሮ ነባሪ ያደረገው ፕቲክሲስ፣ ሁሉም ስማቸውና መልካቸው ይለያይ እንጂ ጽሑፉን ስክሪን ላይ የሚያሳርፉት ቪቲኢ በሚባል አንድ የጋራ ላይብረሪ ነው። የኬዲኢው ኮንሶልና ካሊ ሊኑክስ ይዞት የሚመጣው ኪውተርሚናልም ዘመዳሞች ናቸው፤ የኪውተርሚናል ሞተር የተወሰደው ከኮንሶል ነው። ከኡቡንቱ ወደ ሚንት የተሻገረ ተማሪ እንግዲህ ዞሮ ዞሮ ያረፈው እዚያው ቪቲኢ ላይ ነው።

አንድ የአማርኛ ፊደል ከፋይል ተነስቶ ስክሪን ላይ እስኪያርፍ አራት ቦታ ላይ ሊሰናከል ይችላል። አንደኛው ኢንኮዲንጉ ነው፤ ሁለተኛው ሎኬል የሚባለው የቋንቋና የአገር ቅንብር፤ ሦስተኛው ፎንቱ፤ አራተኛው ተርሚናሉ ለእያንዳንዱ ሆሄ የሚመድበው ጠባብ ክፍል። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ በየትኛውም ዲስትሮ ላይ በደቂቃዎች ይፈታሉ። አራተኛው እስከ ዛሬ በቅጡ አልተፈታም፤ የፊደሉ ባለቤቶች ካልያዝነው ሌላ ሰው ይፈታልናል ብዬ አላምንም። ስለዚህ ሦስቱን ፈጠን ብዬ አልፌ አራተኛው ላይ እቆያለሁ።

ኢንኮዲንግ በአንድ ዘመን የሁሉም ራስ ምታት ነበር። ግዕዝ እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ 345 ምልክቶች ይዞ እስኪገባ ድረስ እያንዳንዱ የአማርኛ ሶፍትዌር ፊደሉን በላቲን ሆሄያት ቁጥር ላይ በየራሱ ስልት ይደረድር ነበር። በቪዥዋል ግዕዝ ወይም በፓወር ግዕዝ የድሮ እትም የተጻፈ ሰነድ ዛሬ ተርሚናል ላይ ሲከፈት የላቲን ትርምስ ሆኖ የሚታየው ለዚህ ነው። ይህን የትኛውም ዲስትሮ፣ የትኛውም ፎንት አያድነውም። ፋይሉ ውስጥ ያለው የላቲን ቁጥር ስለሆነ አስቀድሞ ወደ ዩኒኮድ መለወጥ አለበት።

በዚያው ዘመን ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ ሴራ የተባለውን ሥርዓት አዘጋጁ፤ ፊደሉን በተራ የላቲን ሆሄ የሚወክል ቁርጥ ያለ ደንብ ነው። ተርሚናሉ ፊደል ማሳየት ባይችልም ጽሑፉ ሳይበላሽ ከማሽን ማሽን ይጓዝ ነበር። ጃፓናዊው ናኦቶ ታካሃሺ ኢማክስ ለሚባለው የጽሑፍ አርታዒ የሠራው የግዕዝ ድጋፍም የዚያ ትውልድ ሥራ ነው። ዛሬም ኢማክስን ተርሚናል ውስጥ ከፍቶ የዓለም ቋንቋዎችን ሰላምታ የያዘውን ገጽ የጠራ ሰው አማርኛን ከነሰላምታዋ ተሰልፋ ያገኛታል። አዲስ የተጫነ ተርሚናል ለመፈተን እኔ ከዚህ ገጽ የተሻለ አላውቅም፤ አማርኛውን ከአረብኛ፣ ከህንድና ከቻይና ጽሕፈቶች ጎን ስለሚያሳይ ጉድለቱ የእኛ ብቻ ይሁን የሁሉም ወዲያው ይለያል።

ዩቲኤፍ-8 የሚባለው የዩኒኮድ አጻጻፍ እ.ኤ.አ. በ2002 ከወጣው ሬድ ሃት 8.0 ጀምሮ በየተራ የዲስትሮዎች ነባሪ ሆነ። በዚህ አጻጻፍ አንድ የአማርኛ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል። ይህችን ቁጥር ማወቅ ብቻውን ብዙ ችግር ያቃልላል። «ሰላም» የሚለውን ቃል ያለ አዲስ መስመር ለደብሊውሲ ኮማንድ ሰጥታችሁ ባይቱን አስቆጥሩት፤ 9 ይላችኋል። ከዚያ ሆሄውን አስቆጥሩት፤ 3 ካለ ሎኬላችሁ ጤነኛ ነው፤ አሁንም 9 ካለ ሲስተሙ ባይት እንጂ ፊደል አያይም ማለት ነው። አንድ ፊደል ለማጥፋት ባክስፔስ ሦስት ጊዜ መጫን ካስፈለገም ምንጩ እዚያው ነው፤ ተርሚናሉ አንዱን ፊደል ባይት በባይት እየቆረጠ ነው የሚያጠፋው። የኤስቲቲዋይ ኮማንድ የዩቲኤፍ-8 ምልክት መብራቱንም አብሮ ማየት ያስፈልጋል።

የሚታየውን ስሕተት ሁሉ «ፎንት የለም» ብሎ መደምደም የተለመደ ስለሆነ ምልክቶቹን ለይቶ ማንበብ ይገባል። ባዶ ሳጥን ከታየ፣ አዎ፣ ፎንት የለም። በፊደሉ ፈንታ የጥያቄ ምልክት ከመጣ ሎኬሉ ነው። የታችኛው ሰረዝ ተደርድሮ ከታየ ቲመክስ በሚባለው ተርሚናል ከፋፋይ ውስጥ ናችሁ፤ ቲመክስ የውጪው ተርሚናል ዩቲኤፍ-8 አይችልም ብሎ ካሰበ ፊደሉን በሰረዝ ይተካዋል። ጊት የፋይል ስም ሲዘረዝር ወደ ግራ ባጋደለ ሰረዝ ተከፋፍሎ 341፣ 210፣ 260 የሚል የቁጥር ሰንሰለት ካሳየ ምንም የተበላሸ ነገር የለም፤ ያ «ሰ» ነው። ጊት ላቲን ያልሆነን ስም በመደበ ስምንት ቁጥር ጽፎ ያወጣል። በዋናው ረድፍ ያሉት ፊደሎቻችን በሙሉ የሚጀምሩት በ341 ስለሆነ በእኛ ፋይሎች መሃል ይህ ቁጥር ሲደጋገም አማርኛ መሆኑን ማወቅ ይቻላል። በጊት ቅንብር ውስጥ ኮትፓዝ የሚባለውን ማጥፋት ይበቃል። ለዚህ ብለው ላፕቶፓቸውን ፎርማት ያደረጉ ልጆች አይቻለሁ፤ አንድ መስመር ይበቃቸው ነበር።

ዲስትሮዎች በእውነት የሚለያዩት ሎኬል ላይ ነው። ዴቢያን ሲጫን የመረጣችሁትን ብቻ ያዘጋጃል፤ ሌላ ሲያስፈልግ የሎኬል ፓኬጁን እንደገና ማዋቀር ነው። ኡቡንቱ የአማርኛ ላንጉጅ ፓክ አለው። ፌዶራ ጂሊብሲ ለሚባለው የሲ ላይብረሪ የአማርኛ ላንግፓክ የሚባል ትንሽ ፓኬጅ ለይቶ ያስቀምጣል። አርች የሎኬል ዝርዝሩን ፋይል ከፍታችሁ የምትፈልጉትን መስመር ራሳችሁ እንድትከፍቱና ማዘጋጃውን ኮማንድ እንድትሰጡ ይጠብቃል። ይህን የዘለለ ሰው ነው የጂኖም ተርሚናል አልከፈት የሚለው፤ ዩቲኤፍ-8 ያልሆነ ሎኬል ካጋጠመው ሳይከፈት ይዘጋል፣ በመስኮት የሚወጣ ማስጠንቀቂያም የለውም። አልፓይን መስል በሚባል ሌላ የሲ ላይብረሪ ላይ የቆመ ነው፤ ምንም ካልነገራችሁት ዩቲኤፍ-8ን ይወስዳል፤ በዚህ ረገድ ከሁሉም የዋህ እሱ ነው።

አማርኛን የሚመለከት አንድ ልዩ ወጥመድ ግን አለ፤ ባየኋቸው የእንግሊዝኛ መመሪያዎች ላይ አላገኘሁትም። የአሜሪካ እንግሊዝኛ ሎኬል ሲጻፍ ከስሙ ጋር ዩቲኤፍ-8 የሚል ቅጥያ አለው። የእኛው፣ በላቲን ኤኤም ተብሎ ከታች ሰረዝ በኋላ ኢቲ የሚጻፈው፣ ከመጀመሪያውም ሌላ ኢንኮዲንግ ኖሮት ስለማያውቅ በጂሊብሲ ዝርዝር ውስጥ የተመዘገበው ያለ ቅጥያ ነው። ዝርዝሩን አይቶ ስሙን እንዳለ የገለበጠ ተማሪ ትክክለኛ የዩቲኤፍ-8 ሎኬል ይኖረዋል፤ ቲመክስ ግን ስሙ ውስጥ «ዩቲኤፍ-8» የሚሉትን ሆሄያት ፈልጎ ሲያጣ ሰረዙን ይደረድርለታል። መፍትሔው ላንግ በሚባለው ተለዋዋጭ ውስጥ ቅጥያውን ጨምሮ መጻፍ ነው፤ ጂሊብሲ ሁለቱንም ስም ያውቃቸዋል።

በኤስኤስኤች ውጭ አገር ያለ ሰርቨር ውስጥ ስትገቡ ደግሞ የእናንተ ሎኬል አብሯችሁ ይሻገራል። ሰርቨሩ የአማርኛውን ካላዘጋጀ ፐርል ማስጠንቀቂያውን ይዘረግፋል፤ መስመር ሲቆራረጥ የሚታደገን ሞሽ ደግሞ ዩቲኤፍ-8 ሎኬል አላገኘሁም ብሎ አልነሳም ይላል። እዚያ ሲ-ዩቲኤፍ-8 የሚባለውን ጠቅላላ ሎኬል መጠቀም ይሻላል፤ ዴቢያን ከረጅም ጊዜ ጀምሮ አለው፣ ጂሊብሲም እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣው 2.35 ውስጥ አስገብቶታል። የአማርኛውን ሎኬል የሚመርጥ ሰው ቀኑ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይመጣልኛል ብሎ እንዳይጠብቅም ልንገረው፤ የሚመጣው የፈረንጁ ወር ስም በአማርኛ ተጽፎ ነው።

ስለ ፎንት ብዙ ማለት አያስፈልግም። አቢሲኒካ ኤስአይኤልና ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ በአብዛኞቹ ትልልቅ ዲስትሮዎች መጋዘን ውስጥ አሉ። የፓኬጅ ስማቸው ብቻ ይለያያል። ኖቶው ዴቢያንና ኡቡንቱ ላይ ኖቶ ኮር በሚባለው ውስጥ፣ አርች ላይ በጠቅላላው የኖቶ ፓኬጅ፣ ፌዶራና አልፓይን ላይ ለብቻው ተለይቶ ይገኛል። ተማሪዎችን የሚያሳስተው ሌላ ነገር ነው። የኮንሶልም የጂኖም ተርሚናልም የፎንት መምረጫ መስኮት በነባሪነት እኩል ስፋት ያላቸውን ፎንቶች ብቻ ስለሚዘረዝር አቢሲኒካ አይታይም፤ ልጁም አልተጫነም ብሎ ደጋግሞ ይጭነዋል። እዚያ መስኮት ውስጥ መፈለግ የለበትም። ለላቲኑ ደጃቩ ሞኖን የመሰለ ፎንት ይተወውና ፊደሉን የፎንት መራጩ ፎንትኮንፊግ ከጀርባ እንዲያቀብል ይፍቀድለት። የትኛው ፎንት እንደሚቀርብ ኤፍሲ-ማች ኮማንዱ ይናገራል። በ2012 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ ኢንተርኔት በመላው አገሪቱ ለሳምንታት ተዘግቶ ስለነበር፣ የፎንትና የሎኬል ፓኬጆቹን በፍላሽ ይዞ መገኘትን ለማንም እመክራለሁ።

ጽሑፍ ማስገባቱም እንደዚሁ ባጭሩ ያልቃል። አይባስ የሚባለው የጽሑፍ ማስገቢያ ከኤም17ኤን ጋር ሲጫን በሴራ ደንብ የሚሠራ የአማርኛ መጻፊያ ይገኝበታል፤ ኪማን ለለመደም በሊኑክስ አለለት። ሁሉም ቦታ እየሠራ ኪቲ በሚባለው ተርሚናል ውስጥ ብቻ እንቢ ካለ፣ ኪቲ አይባስን እንዲጠቀም በራሱ ተለዋዋጭ እንዲነገረው ስለሚፈልግ ነው።

አሁን ወደ ክፍሉ። ተርሚናል ኢሙሌተር ስሙ እንደሚያመለክተው የድሮ ማሽን አስመሳይ ነው። የሚያስመስለው በዋናነት ዴክ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1978 ያወጣውን ቪቲ100ን ሲሆን፣ ያ ማሽን ስክሪኑን በ80 ዓምድና በ24 ረድፍ ይከፋፍላል፤ በእያንዳንዱ ክፍል አንድ ሆሄ። ክፍሉ የተለካው ለላቲን ነው። የደጃቩ ሞኖ ክፍል ስፋቱ ከፎንቱ መጠን 60 በመቶ ያህል ነው። ነ፣ ገ፣ ተ፣ ቀ እዚህ ውስጥ ተመቻችተው ይቀመጣሉ። ሠ፣ ሐ፣ ጠ፣ ጨ ግን እግራቸው ብዙ ነው፤ ሟና ጧ ላይ ከታች ቅጥያ ይጨመራል፤ ፼ን ተዉት። ፕሮግራሞች ስንት ክፍል እንደሚያስፈልግ የሚጠይቁት ደብሊውሲ-ዊድዝ የሚባለውን ስሌት ነው፤ እሱም ለቻይናና ለጃፓን ሆሄ ሁለት ክፍል፣ ለእኛ ፊደል አንድ ክፍል ይመድባል።

ከዚህ በኋላ እያንዳንዱ ተርሚናል በራሱ መንገድ ይቋቋመዋል። ቪቲኢ ላይ ሰፊው ፊደል ድንበሩን አልፎ ጎረቤቱ ላይ ይወጣል፤ «ጠመጠመ» የሚለው ቃል እርስ በርሱ ይተሻሻል። ኪቲ ከክፍሉ የሰፋውን ፊደል አሳንሶ ያስገባዋል፤ መደራረቡ ይቀራል፣ ግን አንዱ ፊደል ትልቅ ሌላው ትንሽ ሆኖ መስመሩ ይዘበራረቃል። ከሁለቱ የኪቲን እመርጣለሁ፤ ቢያንስ ይነበባል። ኪቲ የዩኒኮድን የግዕዝ ረድፍ ለይቶ ለአንድ ፎንት መስጠትም ያስችላል።

በየትኛውም ዲስትሮ ላይ የሚሠራ አንድ ጥሩ ማስታገሻ አለ፤ ሲነገር ስለማልሰማ እዚህ ላይ ጠበቅ አድርጌ ልናገረው። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወፍራምና ቀጭን ብቻ ሳይሆን ጠባብ መልክም አለው። ኤክስትራ ኮንደንስድ የሚባለው መልኩ ከመደበኛው ወደ 62 በመቶ ስፋት የጠበበ ነው። ዴቢያንና ኡቡንቱ ላይ ኖቶ ኤክስትራ በሚለው ፓኬጅ ውስጥ ይመጣል። በፎንትኮንፊግ የግል ቅንብር ፋይል ውስጥ፣ ሞኖስፔስ ፎንት ሲጠየቅ ከላቲኑ ቀጥሎ ይህ እንዲቀርብ የሚያዝ አጭር ደንብ ከጻፋችሁ አብዛኛው መደራረብ ይጠፋል። ጨና ሠ አሁንም ይጠብባቸዋል፤ ሆኖም የምዝገባ ፋይል አንብቦ ስሕተት መፈለግ ይቻላል።

ማስታገሻ ነው ያልኩት እኩል ስፋት ያለው፣ ለተርሚናል ተብሎ የተሣለ የግዕዝ ፎንት በእነዚህ ዲስትሮዎች ዘንድ ተለምዶ ስላላየሁ ነው። ይህ አይቻልም የሚል ሰው ካለ የዴቢያንን ኮንሶል-ሴትአፕ ይክፈት። ግራፊክስ የሌለው የከርነሉ ኮንሶል በአንድ ጊዜ ከ512 ቅርጽ በላይ መያዝ አይችልም። ቻይንኛ እዚያ ውስጥ ሊገባ አይችልም። የእኛ ግን ይገባል፤ ዋናው የግዕዝ ረድፍ ዛሬ 358 ምልክት ነው፣ የላቲኑ መሠረታዊ ሆሄ ከ100 ያንሳል፣ ተደምሮ ቦታ ይተርፋል። ኮንሶል-ሴትአፕ ውስጥም ኢትዮጵያን የሚል የፊደል ምርጫ፣ ከሥሩም ጎሃና ጎሃ ክላሲክ የሚባሉ ፎንቶች አሉ፤ ፊደሉ በሙሉ በነጠብጣብ ተለቅሞ በኮንሶሉ ጠባብ ክፍል ውስጥ ተቀምጧል። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው ዴቢያን 5 በመጫኛው አዲስ ከጨመራቸው ቋንቋዎች አንዱም አማርኛ ነበር። የግራፊክስ ሾፌር እንቢ ብሎ ጥቁሩ ስክሪን ላይ የቀረ ሰው የአማርኛ ፋይል ስሞቹን ማንበብ የሚችለው በዚህ ሥራ ነው።

ፊደሉን በእኩል ክፍል ውስጥ የማስገባቱ ጥያቄ ከዚያ በፊትም ተነሥቷል። ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ሲያስቡ የገጠማቸው ይኸው ነበር፤ ሠረገላው ለእያንዳንዱ ምት እኩል ርቀት ይሄዳል፣ ፊደሉ ግን እኩል አይደለም፣ ቁልፉም አይበቃም። መኪናው የተሠራው ዋናውን ቅርጽ አትሞ ቅጥያውን ከላይ እየጨመረ ነው፤ ፊደሉ ተሰባበረ፣ መልኩም ተጎዳ። ያ ገደብ የብረት ነበር። የዛሬው ተርሚናል እያንዳንዱን ፊደል ሙሉ አድርጎ መሣል ይችላል፤ የጎደለው ለክፍሉ ልክ የተሣለ ሙሉ ስብስብ ነው።

የደብሊውሲ-ዊድዝ ስሌት ተቀይሮ ለፊደላችን ሁለት ክፍል ይሰጠን የሚሉ አሉ፤ ሐሳቡ ከቅንነት የመነጨ ነው፤ ሰፊ ቦታ ላይ ፊደሉ በእርግጥ ያምራል። እኔ ግን እቃወመዋለሁ። የጽሑፍ አርታዒው ቪም የራሱ የስፋት ሠንጠረዥ አለው፤ ጂሊብሲም የራሱ። አንዱ ሁለት፣ ሌላው አንድ ብሎ በቆጠረ ቁጥር ከርሰሩ ከጽሑፉ ይለያያል፣ ያጠፋችሁት የመሰላችሁ ፊደል ይቀርና የጎረቤቱ ይጠፋል። በሳሪስ ያለ አዲስ ላፕቶፕ ከዓመታት በፊት ከተጫነ ሰርቨር ጋር በኤስኤስኤች ሲገናኝ ይህ አለመስማማት ለዓመታት ይቀጥላል። እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣው ኪቲ 0.40 ፕሮግራሙ ራሱ ስንት ክፍል እንደሚፈልግ ለተርሚናሉ የሚነግርበት ፕሮቶኮል አምጥቷል፤ ሌሎች ተርሚናሎችም ሆኑ ፕሮግራሞች ቢቀበሉት መንገድ ይከፍታል፤ እስከዚያ ግን አንዱ ክፍል ውስጥ በሥርዓት መኖር አለብን።

ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ በኦፕን ፎንት ላይሰንስ የተለቀቀ ስለሆነ ወስዶ ማሻሻልና በሌላ ስም ማውጣት ይፈቀዳል። ፎንትፎርጅ የተባለው ነጻ ሶፍትዌር በየዲስትሮው መጋዘን አለ። ለመመረቂያ ሥራ ርዕስ የምትፈልጉ የቂሊንጦ ተማሪዎች ካላችሁ ጠባቡን መልክ መነሻ አድርጋችሁ ሁሉንም ፊደል በአንድ ስፋት ላይ አሳርፉት። በቀላሎቹ አትጀምሩ፤ ነና ገ ራሳቸውን ያስተካክላሉ። በጨ፣ በሠ፣ በሐና በሟ ጀምሩ፣ የእግራቸውን ውፍረት ቀንሱ፣ በእግሮቹ መካከል ያለውን ክፍተት በተራ የላፕቶፕ ስክሪን ላይ በ10 እና በ12 ነጥብ መጠን እየፈተናችሁ ለኩ፤ እነዚህ አራቱ ሲነበቡ የቀሩት ቤተሰቦች በእነሱው ልክ ይሠራሉ።